የድሬ ዳዋን የዕለት ዜና ከየት ነው የምትሰሙት?

የሳቢያን ልጅ
ሰላም የድሬ ልጆች። ከተማችን ውስጥ ዛሬ ምን እንደተፈጠረ ማወቅ ስትፈልጉ መጀመሪያ ምን ትከፍታላችሁ? ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ ወይስ ቴሌግራም? እኛ ቤት ማታ ማታ የአካባቢ ዜና ይከፈታል። ስብሰባ አለ፣ ጉብኝት አለ፣ ርክክብ አለ። የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ መቼ እንደሆነ ግን የለም። እሱን የምንሰማው ከጎረቤት ወይ ማን እንደሚጽፈው ከማይታወቅ የፌስቡክ ገጽ ነው። «ነገ ይለቀቃል» ይባላል፣ እናቴ በርሜሉንና ጄሪካኑን አሰልፋ ታድራለች፣ ጠብ አይልም። ይሄ ያናድዳል እንጂ ሰው አይገድልም። ጎርፍ ግን ይገድላል። እህቴ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው የምትኖረው። በ1998 ሐምሌ ማለቂያ ላይ ጎርፉ የመጣው ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ነው፣ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ላይ ደጋው ላይ ዘንቦ እዚህ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ታዲያ ክረምት ሲገባ እህቴን ማንን ስሚ ልበላት?

ባለባጃጁ
ሬዲዮ በያት። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ነኝ፣ ሬዲዮዬ አይዘጋም። ቴሌግራም ፈጣን ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው እናታችን ስማርት ስልክ የላትም፣ ሬዲዮ ግን ከጎኗ አለ። ደግሞ ቋንቋውን አስቡት። ድሬ ላይ አማርኛም፣ አፋን ኦሮሞም፣ ሶማሊኛም ይነገራል፣ ሬዲዮው በሦስቱም ይናገራል። ቴሌግራም ግሩፕ ግን አብዛኛው በአንድ ቋንቋ ነው፣ የዚያ ቋንቋ ሰው ብቻ ሰምቶ ሌላው ጎረቤቱ ሳይሰማ ይቀራል። እኔ የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። መንገድ ሲዘጋ በሬዲዮ የምሰማው ተሳፋሪ ጭኜ እዚያው መንገድ ላይ ከቆምኩ በኋላ ነው።

ሲስተር ከዚራ
የሳቢያን ልጅ፣ የውሃ ፈረቃውን «ያናድዳል» ብቻ ብለሽ ማለፍሽ ላይ አልስማማም የኔ እህት። በ2011 ክረምት ማለቂያ ላይ ቺኩንጉንያ ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት ትዝ ይልሻል? ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታሟል። መገጣጠሚያው ተይዞ መነሳት ያቃተው ስንት ሰው ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው፣ ስለዚህ የሌሊት አጎበር ብቻ አያድንም። የምትራባው ደግሞ ቤታችን ባጠራቀምነው ውሃ ላይ ነው፣ በርሜል ላይ፣ ባልዲ ላይ፣ አሮጌ ጎማ ላይ። ውሃው መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ያገኘውን ሁሉ ሞልቶ ያስቀምጣል፣ ለሳምንታትም ሳይከደን ይቆያል። ፈረቃው በሰዓቱ ቢነገረን ብዙ ቤት በርሜሉን ደፍቶ፣ ፈትጎና ከድኖ መጠቀም ይችል ነበር። ለኔ የውሃ ፈረቃ የጤና ዜና ነው። ከስብሰባው በፊት መነበብ አለበት።

የቀድሞ ሪፖርተር
በዚህ ሙያ ስለሰራሁ ከውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ግን ብዙ ቦታ ያው ነው። ጠዋት የኤዲቶሪያል ስብሰባ ስትገቡ ጠረጴዛው ላይ የጥሪ ደብዳቤ ተከምሮ ታገኛላችሁ። ይሄ ቢሮ አውደ ጥናት አለው፣ ያኛው ምረቃ አለው። ያለው መኪና አንድ ወይ ሁለት ነው፣ ካሜራውም እንደዚያው። መኪናው ወደ ጥሪው ከሄደ በቃ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ያለው የተሰበረ ቧንቧ ለዛሬ ቀረ። ሪፖርተሩ ሲመለስ ደግሞ አንዱ ዜና በሦስት ቋንቋ መሰራት አለበት። ገንዘቡ ከመንግሥት በጀት ነው የሚመጣው፣ ትልልቁ ማስታወቂያ አዲስ አበባ ላይ ያልቃል። በጀት የሚሰጥህን ቢሮ ጥሪ «አልመጣም» ማለት ቀላል አይደለም። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ከልባቸው የሚለፉ ልጆች አሉ።

ሌላው ችግር መረጃ ሰጪው ነው። ፈረቃውን ለማጣራት ስትደውል «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ሳላስፈቅድ አልናገርም»። ሕግ አለ እኮ። የመረጃ ነፃነት አዋጁ 590/2000 ጋዜጠኛ ብቻ ሳይሆን ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል ይላል፣ ለመልስ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ለነገ የውሃ ፈረቃ 30 ቀን አይረባም። ለደቻቱ መከላከያ ግንብ ጥገና ስንት እንደተመደበ ለመጠየቅ ግን ይረባል፣ ተጠቀሙበት።

ከልምዴ የማውቀው አንድ የሚሰራ መንገድ አለ። የቀጥታ ስልክ ፕሮግራም ላይ አንድ ሰው ሲያማርር ይታለፋል። የአንድ ሰፈር ሰዎች ተነጋግረው፣ የተለያየ ቤት ሆነው፣ ስለ አንድ ጉዳይ በተከታታይ ሲደውሉ አዘጋጁ የሚመለከተውን ኃላፊ ስልክ ላይ ለማስገባት ምክንያት ያገኛል። የተወሰነ ነገር ጠይቁ። «ውሃ የለም» ከማለት «ፈረቃው በየጠዋቱ በዚህ ሰዓት ይነበብልን» በሉ።

የጀጎል ልጅ
ከሐረር ነኝ። እዚህም ያው ነው አቦ፣ እኛም የውሃ ወሬ የምንሰማው ከባጃጅ ነው።

ባለባጃጁ
የጎርፉን ነገር ደግሞ ላንሳው። ከከተማችን በላይ ደጋው ላይ፣ ደንገጎ፣ ሹፌሮች አሉ፣ ሲዘንብ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው። እርስ በርስ እንደዋወላለን። ሬዲዮ ጣቢያው ክረምቱን ሙሉ ለዚህ ብቻ የሚሆን ስልክ ቢኖረውና አጣርቶ ዘፈኑን አቋርጦ ቢናገር ደቂቃ አይፈጅም። ሌሊት ጭምር ግን። ሌሊት ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ከሌለ ከንቱ ነው።

የሳቢያን ልጅ
ሲስተር፣ ልክ ነሽ፣ በርሜሉን በዚያ መንገድ አስቤው አላውቅም ነበር። የቀድሞ ሪፖርተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ በየጠዋቱ በሦስቱም ቋንቋ የሚነበብ የውሃ ፈረቃ፣ ለክረምት ደግሞ ሌሊትም የሚነሳ የጎርፍ ስልክ። ከሳቢያን የሚደውሉ ጎረቤቶቼን እኔ አሰባስባለሁ። ከገንደ ቆሬ፣ ከለገሃሬና ከመጋላ ማን አለ? አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የሚናገሩ እንዲኖሩበት እፈልጋለሁ። ባለባጃጁ፣ የደንገጎ ሹፌሮችን አንተ ታናግርልናለህ?