የሁለት ዞኖችን የኑሮ ደረጃ በነፍስ ወከፍ ምርት ማወዳደር ያስኬዳል?

ጣና ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ሆኜ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴን እየጻፍኩ ነው። ጥናቱ ደቡብ ጎንደርንና ምዕራብ ጎንደርን በኢኮኖሚ ደረጃ የሚያወዳድር ሲሆን፣ አማካሪዬ የየዞኑን ጥቅል ምርት ለሕዝቡ ቁጥር እንዳካፍል መክረውኛል። የመተማ ሰሊጥ ምዕራብ ጎንደርን ከሚገባው በላይ ባለጸጋ አድርጎ እንዳያሳይብኝ ግን ሰግቻለሁ። የተሻለ መለኪያ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

ባለቀመር፦
ስጋትዎ ተገቢ ነው። በነፍስ ወከፍ ስሌት የሚካፈለው በዞኑ ውስጥ የተመረተው ሁሉ፣ አካፋዩ ደግሞ በዞኑ የሚኖረው ሕዝብ ስለሆነ፣ አምራቹና ነዋሪው ያው ሰው ካልሆኑ ውጤቱ ይዛባል። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው ወደ መተማና ቋራ የሚወርደው አጫጅ የላቡ ፍሬ የሚመዘገበው በቆላው፣ ራሱ የሚቆጠረው በቀየው ነው፤ ገንዘቡንም የሚበሉት እቤት የቀሩት ልጆቹ ናቸው።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ማዕከላዊ ለንደን በነፍስ ወከፍ ምርት ከአውሮፓ ሕብረት አማካይ ስድስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ይታይ የነበረው፣ በየማለዳው የሚገባው ሠራተኛ ማታ ሌላ አካባቢ ስለሚያድር ጭምር ነው። የኔዘርላንድሱ ግሮኒንገን በተፈጥሮ ጋዙ ምክንያት በምርት ከሀገሪቱ ቀዳሚዎች ተርታ ሲሰለፍ፣ የነዋሪዎቹ ገቢ ግን ከዝቅተኞቹ ጎራ ነበር። አየርላንድማ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ25 በመቶ በላይ አደገች የተባለው በዋናነት የውጭ ኩባንያዎች የአእምሮ ንብረታቸውን በወረቀት ወደዚያ ስላዛወሩ ነው። እኔ ብሆን የቤተሰብ የፍጆታ ወጪን ዋና መለኪያ አደርጋለሁ።

የወረታው፦
በፍጆታው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከራስ ማሳ የሚበላውን እንዳይረሱ። ፎገራ ላይ ገበሬው ሩዙን ከወቃ በኋላ ከፊሉን ወረታ ወስዶ አስፈልፍሎ ይሸጣል፣ ከፊሉን ለቤቱ ያስቀራል። የቀረው ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ጠላም ይጠመቅበታል፤ ገለባው ለከብት ይሆናል። መጠይቅዎ «በዚህ ሳምንት ስንት ብር አወጣችሁ?» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ ጎተራው ሙሉ የሆነው ቤት ደሃ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ የተበላውን በኪሎ ጠይቀው በአካባቢው ገበያ ዋጋ ይተምኑት። የዋጋ ልዩነትም አለ፤ አንድ ሺህ ብር ገንዳ ውኃ ላይና ደብረ ታቦር ላይ እኩል አይገዛምና፣ ወጪውን በየከተማው ዋጋ ሳያስተካክሉ ማወዳደር ድካም ብቻ ነው።

ጣና ዳር፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው የምርት ስሌቱን ጨርሶ ልተወው?

የበጀት ሰው፦
አይተዉት፤ መልሱ የሚወሰነው በጥያቄዎ ነው። ሰው እንዴት ይኖራል ከሆነ ፍጆታው ይበልጣል፤ አካባቢው ምን ያህል ግብር ሊያመነጭ ይችላል ከሆነ ግን ምርቱ ያስፈልጋል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የክልሎችን የድጎማ ቀመር ሲያወጣ የወጪ ፍላጎትን ብቻ ሳይሆን ገቢ የማመንጨት አቅምንም የሚመለከተው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስቸግርዎ መረጃው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት መሠረት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በሀገር ደረጃ 23.5 በመቶ፣ በአማራ ክልል 26.1 በመቶ ነበር፤ ወደ ዞን ሲወርዱ ግን ናሙናው ስለሚሳሳ፣ በሁለት ዞኖች መካከል የሚያዩት ትንሽ ልዩነት የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። የራስዎን መጠይቅ ማስሞላት የሚቻል ከሆነ አይስነፉ።

የሕዝብ ቁጥሩም ይታሰብበት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወቅት ምዕራብ ጎንደር ገና ከሰሜን ጎንደር አልተለየም ነበርና፣ የወረዳዎቹን ቁጥር አንድ በአንድ መደመር ይኖርብዎታል። በዚያ ላይ ቆጠራው በክልላችን የተካሄደው በግንቦት ሲሆን፣ የሰሊጥ አጨዳ የሚጀመረው ከመስቀል ወዲህ ስለሆነ፣ ባለቀመር ያነሱት አጫጅ በቆላው ቁጥር ውስጥ የለም።