ባለ ሸራ ጣሪያ የኪት መኪና ያለ ጋራዥ ይያዛል?

ጀማሪ_ነጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኪት (ተፈታትቶ ከሚሸጥ የመኪና ክፍሎች ስብስብ) የተገጣጠመ ባለ ሸራ ጣሪያ መኪና ልገዛ ነው። ቦዲው ፋይበር ግላስ፣ ሻሲው የተበየደ የብረት ቱቦ ነው። በየቀኑ ሥራ እሄድበታለሁ፤ ጋራዥ ስለሌለኝ ደጅ ያድራል። ማታ ማታ ፕላስቲክ ላለብሰው አስቤያለሁ። ዝናብና ፀሐይ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ምኑን ነው?

ብየዳ፦
ለቦዲው አታስብ፤ አይዝግም። ፀሐይ ቢያደበዝዘው በፖሊሽና በሰም ይመለሳል። አደጋው ሻሲው ላይ ነው፣ በተለይ ፓውደር ኮት (በዱቄት መልክ ተረጭቶ በሙቀት የሚጋገር ቀለም) ከተቀባ። ጠጠር ትንሽ ከላጠው ውሃው ከቀለሙ ሥር ይሰርጋል፤ ላዩ ደህና መስሎ ውስጥ ውስጡን ይበላል። መኪናውን ከመሬት ከፍ አስደርገህ ከሥር እይ። ያበጠ ቀለም ካገኘህ ቀለሙ ብረቱን በደንብ እስከያዘበት ድረስ ፋቀው፣ ብረቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ፀረ ዝገት ሁለት ጊዜ ቀብተህ ዋናውን ቀለም ድገምበት። የቱቦዎቹን ውስጥ ረጅም ቀጭን አፍ ባለው መርጫ ፀረ ዝገት ሰም ርጭ። አሉሚኒየም ላሜራ በሪቬት ከብረቱ ጋር በተያያዘበት ቦታ ነጭ ዱቄት ካየህ አሉሚኒየሙ መበላት ጀምሯል ማለት ነው።

ሸራ_ሰፊ፦
ፕላስቲኩን ተወው! እርጥበት ያፍናል፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ደግሞ ሥሩ ያለው አቧራ ቀለሙንና የላስቲክ መስኮቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ጣሪያውንና መስኮቶቹን ብቻ የሚሸፍን፣ አየር የሚያስተላልፍ ግማሽ ሽፋን ይበቃሃል። ሙሉ ሽፋን በየጠዋቱ እርጥብ እርጥቡን ማጠፍ የሚዘልቅበት ሰው የለም።

ሸራውን እርጥብ ሆኖ አታጥፈው፣ ይሻግታል። የላስቲክ መስኮት በብርድ ስለሚደርቅ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ ውስጡን በማሞቂያ አሙቅ፣ ስታጥፈውም መሀሉ ለስላሳ ጨርቅ አስገባ። አልኮል ወይም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አታስነካው። ውሃ በብዛት የሚገባው በስፌቱ ነው፤ ከደረቀ በኋላ የስፌት ማሸጊያ ቀባው።

እንዲያም ሆኖ ጥቂት መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ሞኬቱን አንሳና የሚወጣ የጎማ ምንጣፍ አድርግ። ውሃው እንዲወጣ በወለሉ ዝቅተኛ ቦታ በየጎኑ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሳ፤ የሻሲውን ቱቦ ግን እንዳትነካ። ጠርዙን ቀለም ቀባው፣ ስትነዳ በጎማ ክዳን ድፈነው።

ማሳ_ፈላጊ፦
ፋይበር ግላስ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ እያንዳንዱ መብራት የራሱ የማሳ ሽቦ (ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልስ) አለው፤ ደጅ ሲያድር ቶሎ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ፍሬን ስትይዝ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ካለ አምፖል ለመቀየር አትቸኩል። መብራቱን አብርተህ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ቀዩን በመብራቱ ማሳ ላይ ያዝ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ግንኙነቱን ፈትተህ አጽዳ፣ አጥብቀህ እሰርና ግራሶ ቀባው።

ጀማሪ_ነጂ፦
አመሰግናለሁ፣ ግማሽ ሽፋን እገዛለሁ። ሌባስ?

ሸራ_ሰፊ፦
ውስጡ ምንም ዕቃ አይታይ። ሸራውን በምላጭ ለመቅደድ ደቂቃም አይፈጅ፤ የሸራው ማሠሪያ ዋጋ ደግሞ ከተሰረቀው ዕቃ ይበልጣል። ቁልፉ የሚነቀል የባትሪ ማቋረጫም አስገጥም።