ጎንደር ተመልሳችሁ ቡችላ ያሳደጋችሁ፦ ሌሊቱን እንዴት ተወጣችሁት?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ14 ዓመት የካልጋሪ ኑሮ በኋላ ጠቅልዬ ጎንደር ከገባሁ አራት ወሬ ነው። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ዕቃ ማስገባት ብዙ ጠይቄያችሁ መልሳችሁልኛል። የዛሬው ግን ትንሽ ያሳፍራል። ቡችላ ነው።

ዓርብ ዕለት አመጣሁት። ሁለት ወር ሆኖታል። ስሙን ካልጋሪ አልኩት። ቀን ቀን መልአክ ነው። መብራት ሳጠፋ ግን ይጀምረዋል። ማልቀስ ብቻ አይደለም፣ ሙሾ ነው የሚያወርደው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የተከራየሁት ግቢ ውስጥ ነው። አከራዬ እማማ ለኪዳን የሚነሱ ሴት ናቸው። ትናንት ጠዋት "ልጄ፣ ያ ነገር አሞታል እንዴ?" አሉኝ። በትሕትና ነው ያሉት፣ ግን ገብቶኛል። እናቴ በስልክ "ውሻ እኮ ነው፣ ደጅ አስሪውና ተኚ" ትላለች። ኢንተርኔት ላይ የማነበው ሁሉ ስለ ሽቦ ቤትና ስለ ውሻ አልጋ ነው። ቅዳሜ ገበያን ዞሬ ዞሬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ምን ላድርግ?

አዘዞ፦
እህቴ አይዞሽ። እኔም ከሚኒያፖሊስ መጥቼ አዘዞ ከከተምኩ ሦስት ዓመቴ ነው። የእኔው አልቃሻ አሁን አላፊ አግዳሚውን የሚያስፈራራ ጎረምሳ ሆኗል።

እልኸኛ ሆኖብሽ አይደለም። እስከ ዓርብ ድረስ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ተደራርቦ ነው የሚተኛው። ብቻውን አድሮ አያውቅም። የጎደለው ሰው ነው እንጂ የሽቦ ቤት አይደለም። ስለዚህ ሌላ ክፍል ዘግተሽበት "አልቅሶ ይወጣለታል" አትበይ። እኔ የመጀመሪያውን ሌሊት እንደዚያ አድርጌ ጠዋት በሩን ቧጭሮ ቧጭሮ ጥፍሩ ደምቶ አገኘሁት።

ካርቶን ፈልጊ። የፓስታም ይሁን የዘይት፣ ሱቅ ብትጠይቂ አይነፍጉሽም። አንዱን ጎን ቆርጠሽ ዝቅ አድርጊለትና ከአልጋሽ ሥር፣ እጅሽ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጪው። ሲነጫነጭ እጅሽን ዝቅ ታደርጊለታለሽ፣ ያሸትሻል፣ ይተኛል። እኔ ሁለት ሳምንት ክንዴን ከአልጋ አንጠልጥዬ ነው ያደርኩት። ጋቢ አንጥፊለት። የራስሽን ጋቢ ግን። እኔ የአባቴን አሮጌ ጋቢ አንጥፌለት እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ቡችላውን ወደሰጡሽ ሰዎች ሂጂና እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ቁራጭ ለምኚ። እንዳታጥቢው! ሽታው ነው የሚፈለገው።

ብርዱንም አትናቂው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሃይላንድ ላይ ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ ካልሲ ውስጥ ከተሽ ከጎኑ አድርጊለት። የፈላ ውሃ አይሁን። ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታም ተይለት።

ሽንቱን በተመለከተ፣ ፈረንጆቹ የሚሉት ስሌት እኔን ረድቶኛል። በዕድሜው ወር ላይ አንድ ጨምሪ፣ ያን ያህል ሰዓት መቋጠር ይችላል። ያንቺው ሁለት ወሩ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። አራት ሰዓት ላይ ከተኛችሁ ሰባት ሰዓት ላይ አንዴ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ አንዴ ቀስቅሰሽ አውጪው። ተሸክመሽ ነው የምታወጪው፣ በእግሩ ከሄደ በሩ ላይ ይለቀዋል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ አድርጊው። ሲጨርስ ባለበት "ጎበዝ" በይውና ወደ ካርቶኑ። ወሬ የለም፣ ጨዋታ የለም። ሌሊት ከተጫወትሽለት ነገ በዚያው ሰዓት ጨዋታ ፍለጋ ይቀሰቅስሻል።

አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋቢ ለብሼ ባትሪ ይዤ ግቢው ጥግ ቆሜያለሁ። ጎረቤቴ በአጥር ላይ "ማነው እሱ!" ብሎ ጮኸ። "ቡችላዬን ላሸናው ነው!" አልኩ። ዝም አለ። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እስካሁን ስሜ "የውሻ ሞግዚት" ነው።

ለእማማ ደግሞ ቀድመሽ ሂጂና "ሁለት ሳምንት ይታገሡኝ" በያቸው። ቡና አፍልተሽ ቢሆን የተሻለ።

የቀሃ ልጅ፦
ልጆች፣ ከተቆጣችሁኝ ይቅርታ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። እኛ ስናድግ ውሻ ደጅ ነው የሚያድር። እቤት ከገባማ ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ ነው የሚባረረው። ፍርፋሪ ይሰጠዋል፣ ቤት ይጠብቃል፣ አለቀ። ቤት ውስጥ ከሸና አፍንጫውን እዚያው ላይ ማሸት ነው፣ ይማራል። ጋቢ ለውሻ የሚሉት ነገር ግን ወይ ጉድ!

አዘዞ፦
ጋሼ፣ ማን ይቆጣዎታል። ትልቁ ውሻ ደጅ ይደር፣ የእኔም ደጅ ነው የሚያድረው። ሁለት ወር የሆነውን ቡችላ ግን ለማን ነው ደጅ የምንተውለት? ሌሊት የጅብ ድምፅ ሳይሰማ ያደገ የጎንደር ልጅ አለ? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፈረንጆቹ 1770 ጎንደር ገብቶ፣ ከመሸ እስኪነጋ ከተማው በጅብ እንደሚሞላ ጽፎ ነበር። መንገዱ አስፋልት ሆነ እንጂ ጅቡ አልሄደም።

አፍንጫ ማሸቱን ግን አልስማማም። ሞክሬዋለሁ፣ አላፍርም። የተማረው ነገር ከእኔ ተደብቆ ሶፋ ሥር መሽናት ነው። እርስዎ እንዳሉት ደጅ እንዲለምድ ከተፈለገ ቀስ እያሉ ነው። እኔ ካርቶኑን በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ገፋሁት። ከአልጋ ሥር ወደ ክፍሉ መሐል፣ ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያ ሳሎን። በረንዳ የወጣው ስድስት ወር አልፎት፣ ቤት ተሠርቶለት ነው።

የማራኪዋ፦
ጋሼ፣ ጋቢው የእኔ ስለሆነ ይማሩኝ። ትናንት ማታ ካርቶን አዘጋጀሁ። ሁለቴ ብቻ ነው የነቃነው። ምን ላብላው? እንጀራ በወጥ ይወዳል።

ከቴዎድሮስ ግቢ፦
ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተምሬ አሁን ኦስሎ ነኝ። ወጡን አቁሚ። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ሽንኩርት ያልገባበት ሥጋ በሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እንደዚህ ያለ ስጪው። በዚህ ዕድሜው በቀን ሦስት አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ። የበሰለ የዶሮ አጥንት አይሰጥም፣ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን የበዓል ቅርጫ ነው። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ስናይ ለውሻ ነው የምንወረውረው። ያ ውሃ ውስጥ ያለው ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ወደ ሰው ይመለሳል። ሰው ላይ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ቋጥሮ ለቀዶ ሕክምና ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቅበሩት፣ ሌላውንም ጥሬውን አትስጡ።

ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙ ጊዜ በ12 ሳምንት ነው። የትል መድኃኒትም አይርሱት። ክትባቱ እስኪያልቅ መንገድ ላይ አታውርጂው፣ ተሸክመሽ ግን አውጪው። ባጃጁን፣ አህያውን፣ ሕፃናቱን፣ ጥላ የያዘ ሰው ሁሉ ይይ። እስከ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ያላየው ነገር በኋላ ያስፈራዋል።

ማንንም ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ክትባቱ ግን በዚያው ቀን ይጀመር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

የቀሃ ልጅ፦
የቅርጫው ነገር እውነት ነው? ስንት ዘመን ወርውረናል! ለልጆቼ አሁኑኑ ደወልኩ።

የማራኪዋ፦
ይኸው ጥምቀት አለፈ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ ስለጠየቃችሁኝ ልንገራችሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ይሻላል ብዬ ነበር፣ አልተሻለም። ማታ ተኛ፣ ቀን ግን አውሬ ሆነ። አንድ የቻርጀር ገመድ፣ ሁለት ነጠላ ጫማ፣ የእማማን መጥረጊያ በላ። እንቅልፍ ሲያንሰው እንደሚብስበት የገባኝ ቆይቶ ነው። በቀን 18 ሰዓት መተኛት የሚያስፈልገው ፍጡር እኔን ተከትሎ ሲዞር ይውላል። ቀንም ካርቶኑ ውስጥ ማስተኛት ስጀምር ንክሻው ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለምን አመጣሁት ብዬ። ይህን የምጽፈው እንደኔ የተሰማው ሰው ካለ ብዬ ነው።

የከተራ ዕለት ሰውና ከበሮ ከተማውን ሲሞላው እኔ ታቦት ልሸኝ ወጣሁና እማማ ጋር ተውኩት። ስመለስ ከእግራቸው ሥር ተኝቷል። ካልጋሪ ማለት ስለማይሆንላቸው "ቡቺ" ነው የሚሉት። አሁን በእኔ ስም ስጠራው ዞር ብሎም አያይም።

የወተት ጥርሱ መርገፍ ጀምሯል፣ አንዱን ምንጣፍ ላይ አገኘሁት። ካርቶኑ ሳሎን በር ጋ ደርሷል። ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ነቃሁ። እሱ አልነቃም። ከልማድ ተነሥቼ ጋቢዬን ለብሼ በሩን ከፈትኩለት። አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝና መልሶ ከደነው።