1000 ዋት ሞጁላር ፓወር ሰፕላይ፣ ገመዱ ግን የሌላ

ጠያቂ፣ ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። በቅርቡ አርቲኤክስ 3090 ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ፤ ሲፒዩው ራይዘን 9 5950ኤክስ ነው። ያለኝ ፓወር ሰፕላይ 650 ዋት ስለሆነ ሬንደር ስጀምር (ያለቀውን ቪዲዮ ሳወጣ) ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ልጅ ያገለገለ፣ ሙሉ ሞጁላር (ገመዱ ሁሉ የሚነቀል)፣ ባለ 1000 ዋት ጎልድ አሳየኝ። ዋጋው የአዲሱ ግማሽ ነው። ችግሩ የግራፊክስና የሃርድ ዲስክ ገመዶቹ የሉም። «ከሌላ ፓወር ሰፕላይ እሰጥሃለሁ» አለና ሰካው፤ እውነትም ልክክ አለ። ለብቻው ሲያስነሳው ደግሞ ፋኑ አልዞረም። ልግዛው?

ከኮምቦልቻ፣ ጥገና ላይ ያለሁ
ወንድሜ፣ በዚያ ገመድ እንዳታበራው! ልክክ ማለቱ ነው ሰው የሚያታልለው። በማዘርቦርድና በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ የሁሉም አንድ ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለውን ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈለገው ነው የሚደረድረው። የአንድ ፋብሪካ ሁለት ሞዴል እንኳ ሊለያይ ይችላል። ባለፈው አንድ ደንበኛ እንዲህ ቀላቅሎ ሰካና 12 ቮልቱ በ5 ቮልቱ መስመር ገባ። ሁለት ሃርድ ዲስክ አንድ ላይ ሄደ። አንዱን ከፍቼ ሳየው ቦርዱ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጥቁር ጠባሳ ነበረች። የሰው ሰርግ ነበር ውስጡ።

ከወልዲያ
እኔ ቀላቅዬ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ምንም አልሆነም። ማካበድ ነው።

ከኮምቦልቻ
ዕድለኛ ነህ አቦ። ግድ ከሆነ ፒን በፒን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይታይ። ባይሆን ይቅር።

ከደሴ፣ ሆጤ
ስለ ዋቱ እኔ ልናገር። ካርዱ 350 ዋት፣ ሲፒዩው ሲጨናነቅ 142፣ ሌላው ተደምሮ 570 ገደማ ይሆናል። ታዲያ 650 ለምን አልበቃም? 3090 ለሚሊሰከንዶች ከ350 በጣም ይዘላል። ፓወር ሰፕላዩ ያኔ ራሱን ለመጠበቅ ይጠፋል። የካርዱ ባለቤት ኤንቪዲያ ራሱ ቢያንስ 750 ነው ያለው። ለአንተ 850 ይበቃል፣ 1000 ደግሞ ትርፍ አለው።
ግን ትልቁን ቁጥር አትመን። ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አንብብ። በ12 ቮልት ስር 83 አምፒር ገደማ ካለ እውነተኛ 1000 ነው። 50 ካለ 600 ዋት ነው የምትገዛው። ጎልድ የሚለውም መብራት አያባክንም ማለት እንጂ ዕድሜ ይኖረዋል ማለት አይደለም።
ለፋኑ አብሽር። ብዙዎቹ ጭነት ከሌለ ፋን አያዞሩም።

ጠያቂ
በጀ። መልቲሜትር አለኝ፣ ምን ልለካ?

ከኮምቦልቻ
ባዶውን ብትለካው ምንም አይነግርህም። ሬንደር እያደረገ ለካ። ባለ 4 ፒኑ የድሮ መሰኪያ ላይ መሃል ያሉት ሁለቱ ኔጌቲቭ ናቸው፤ ከዳር በአንዱ 12፣ በሌላው 5 ቮልት አለ። 12ቱ ከ11.4 እስከ 12.6፣ 5ቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ውስጥ ይሁን። 12.1 የነበረው ጭነት ሲመጣ ወደ 11.5 ከወረደ ግን፣ በገደቡ ውስጥ ቢሆንም አትግዛው። በፋኑ ቀዳዳ ባትሪ አብራና ያበጠ ካፓሲተር (ትንሽ በርሜል የመሰለ ዕቃ) ካለ እይ፤ አሽትተውም። እንዳትከፍተው ግን፣ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ 400 ቮልት ገደማ ሊይዝ ይችላል።
ካርዱ ባለ 8 ፒን ሁለት መሰኪያ ካለው ሁለት የተለያየ ገመድ ተጠቀም። አንዱን ገመድ ለሁለት አታካፍል።

እህታችሁ፣ ቧንቧ ውሃ
ስለ መብራቱ ማንም አላነሳም እኮ! እንዲህ ያለው ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል፣ ጎረቤት ምጣድ ጥዶ ቮልቱ ሲወርድ ግድ የለውም። የሚጎዳው ሄዶ ሲመጣ ያለው ምት ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል፣ ከመጣ በኋላም ትንሽ ቆይተህ ሰካ። ዩፒኤስህ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይህ) 650 ቪኤ ከሆነ ብዙ ጊዜ 400 ዋት እንኳ አይሸከምም፤ ሬንደር ላይ ሳለህ አብሮህ ነው የሚጠፋው።

ጠያቂ
ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። ሰንጠረዡ 83.3 አምፒር ይላል። የራሱ ገመድ ካልመጣ አልገዛም ስለው ትንሽ ተኮሳተረ፣ ከዚያ «ወንድሜ ቤት ከረጢት ውስጥ ሳይኖር አይቀርም፣ ነገ ና» አለኝ።

ከኮምቦልቻ
ኮምፒውተርህን ይዘህ ሂድ። እዚያው ግማሽ ሰዓት ሬንደር ሳታደርግ ብሩን እንዳታወጣ።