ጥቆማ፦ ለጂኢዲ የት ልማር? (ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያ)

የማታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ከ9ኛ ክፍል አቋርጬ ቤሩት ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዤ አላውቅም። አሁን ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) ማታ ማታ እሠራለሁ። ኤልፒኤን (ከሲኤንኤ ከፍ ያለውን የነርስ ደረጃ) መማር ስፈልግ ጂኢዲ፣ ማለትም የ12ኛ ክፍልን የሚተካውን የፈተና ዲፕሎማ፣ አምጪ ተባልኩ። ኮሌጅ ክላስ ልግባ፣ አስጠኚ ልያዝ ወይስ በስልኬ ራሴ ላጥና? እንግሊዝኛዬ ለሥራ አያንስም። ሒሳብ ላይ ግን ዜሮ ነኝ።

ዳዊት ቪኤ፦
ለምን ትደክሚያለሽ? የአገር ቤት ትራንስክሪፕትሽን (የትምህርት ውጤትሽን) አስገምግሚ፣ አለቀ። ኮሌጁ የእኔን ተቀብሎኛል።

የማታዋ፦
ወንድሜ፣ 12ኛ አልደረስኩም እኮ።

ዳዊት ቪኤ፦
እሺ፣ ለጨረሰ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ጀበና፦
ሌላ አትፈልጊ፣ የጋሼ ክላስ ግቢ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአማርኛ ያስተምራሉ። ክፍልፋይን እንደሳቸው የሚያስረዳ አላየሁም። አይቆጡም፣ አያሳፍሩም። ቡናም አለ።

ሜሪ፦
እህቴ፣ ከማንም በፊት እኔን ስሚኝ! ኦንላይን የሆነ «ሃይስኩል» አገኘሁ። ፈተናው ቀላል፣ ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራ። ዲፕሎማው በፖስታ መጣልኝ፣ ወርቃማ ማኅተም ሁሉ አለው። ኮሌጅ ይዤው ስሄድ ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ «ይሄን አንቀበልም» አለችኝ። ስደውልላቸው የሚያነሳ የለም። ያ ሁሉ ኦቨርታይም የሠራሁበት ገንዘብ!

ኡበር በሌሊት፦
ስሙን ተናገሪ እንጂ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባበት።

ሜሪ፦
እዚህ አልጽፍም። የእነሱን ክስ የምችልበት አቅም የለኝም።

ሰላም25፦
እኔም እንዲህ ያሉ ደውለውልኝ ነበር! «በ1 ሳምንት ትጨርሻለሽ» ሲሉኝ ዘጋሁባቸው።

ኡበር በሌሊት፦
በ1 ሳምንት ሃይስኩል ከሆነ በ1 ወር ዶክትሬት አያቅታቸውም። ቅናሽ ካላቸው ለእኔም ጠይቁልኝ፤ ታርጋዬ ላይ «ዶክተር» ላስለጥፍ።

ሜሪ፦
ሳቅ። የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ሰላም25፦
ሜሪዬ አይዞሽ። በክሬዲት ካርድ ከፍለሽ ከሆነ ባንክሽን አነጋግሪ፣ አንዳንዴ ያስመልሳሉ።

ትዕግሥት ሮክቪል፦
የልጅቷ ጥያቄ ተረሳ። እኔ አልፌዋለሁ፣ የማውቀውን ልበል።
ፈተናው 4 ነው፦ ሒሳብ፣ ንባብና ጽሑፍ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ። በአንድ ቀን መፈተን ግዴታ አይደለም፤ አንድ በአንድ መጨረስ ትችያለሽ። በእያንዳንዱ 145 ማምጣት አለብሽ። አንዱ ላይ 170 አምጥተሽ ሌላው ላይ 140 ብታመጪ አይካካስም። የምትመዘገቢው ደግሞ በራሱ በጂኢዲ ድረ ገጽ ነው። ሌላ «የጂኢዲ ሰርተፍኬት እንሰጣለን» የሚል ካለ ሜሪን ያታለላት ዓይነት ነው።
ሒሳቡን አትፍሪ። ፎርሙላው ይሰጥሻል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጥያቄዎች በስተቀር ካልኩሌተርም ይፈቀዳል። እኔን ያስቸገረኝ ጽሑፉ ነው። ሁለት ጽሑፍ ያስነብቡሽና የማን ማስረጃ ይሻላል ብለሽ በ45 ደቂቃ ድርሰት ትጽፊያለሽ። የራስሽን ሐሳብ ማንም አልጠየቀሽም። ይሄን ሳላውቅ ብዙ ደክሜያለሁ። ሶሻል ስተዲስ ግማሹ ስለ አሜሪካ መንግሥት አሠራር ስለሆነ፣ ለሲቲዝንሺፕ ያጠናሽው ያግዝሻል።

የማታዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! በአማርኛ መፈተን አይቻልም?

ትዕግሥት ሮክቪል፦
የለም። እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ብቻ። ለዚህ ነው በአማርኛ መማሩን ብዙ የማልደግፈው። የሒሳቡ ጥያቄ ራሱ አንቀጽ ነው። መደመር የሚችል ሰው ምን እንደተጠየቀ ሳይገባው ይወድቃል።

ጀበና፦
ጋሼን ካላወቅሽ አትናገሪ።

ኡበር በሌሊት፦
ጀበና፣ ከጋሼ ተማሪዎች ስንቱ አለፈ?

ጀበና፦
ብዙ።

ኡበር በሌሊት፦
አንተስ?

ጀበና፦
እየተዘጋጀሁ ነው። ጋሼ «አትቸኩል» ብለውኛል።

ኡበር በሌሊት፦
ክላሱን ከጀመርክ ስንት ጊዜህ?

ጀበና፦
ከኮሮና በፊት ነው፣ ምን አገባህ?

አባ ሰላም፦
ልጆች፣ ተው። እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ ዲሲ ነው የምኖረው። አካደሚ ኦፍ ሆፕ የሚባል የአዋቂዎች ትምህርት ቤት እማራለሁ። ለዲሲ ነዋሪ ነፃ ነው። ካርሎስ ሮዛሪዮ የሚባለው ትምህርት ቤትም እንዲሁ፤ እዚያ እንግሊዝኛውንም አብረው ያስተምራሉ። ፈተና ለሚፈራ ሰው ደግሞ ኤንኢዲፒ የሚባል አለ። የሚሰጥሽን የቤት ሥራ እየሠራሽ እያስረከብሽ፣ ችሎታሽን እያሳየሽ ዲፕሎማ የምታገኚበት ነው። ሜሪላንድም አለ።

የማታዋ፦
አባቴ፣ እኔ ሜሪላንድ ስለሆንኩ የዲሲው አይሆነኝም ማለት ነው?

ትዕግሥት ሮክቪል፦
የዲሲው ነፃ ትምህርት ለነዋሪው ነው። አንቺ ሞንጎመሪ ኮሌጅን ጠይቂ። ደረጃሽን የሚለይ ፈተና ሰጥተው ይመድቡሻል። እንግሊዝኛሽ ዝቅ ካለ መጀመሪያ ኢሶል (የእንግሊዝኛ ትምህርት) ያስገቡሻል፣ አትናደጂ። ከመፈተንሽ በፊት ጂኢዲ ሬዲ የሚባለውን ልምምድ ውሰጂ። ዋጋው ለአንዱ ትምህርት ከ10 ዶላር በታች ነው። ውጤቱ በአረንጓዴ ከወጣ ዝግጁ ነሽ። ከቤት ሆነሽ መፈተን ካሰብሽማ ያ አረንጓዴ ግዴታ ነው፣ ከ60 ቀን በላይ የቆየም አይሠራም።

ሰላም25፦
ካን አካደሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽም ነፃ ነው። እኔ ሒሳብን ከ4ኛ ክፍል ጀምሬ እንደ አዲስ አየሁት። ማንም ሳያየኝ።

ዳዊት ቪኤ፦
ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) ብታወጪ ግን ጂኢዲም አያስፈልግሽም። ትራክ ጥሩ ይከፍላል።

ኡበር በሌሊት፦
ዳዊት፣ ነርስ ልሁን ነው ያለችው።

ዳዊት ቪኤ፦
ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ሜሪ፦
ጀበና፣ ጋሼ አዲስ ተማሪ ይቀበላሉ? እኔም ከዜሮ መጀመሬ ነው።

ጀበና፦
ይቀበላሉ! በውስጥ ጻፊልኝ። የሰደቡን ግን አይመጡም።

የማታዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ተባረኩ። ሺፍቴ የሚያልቀው ጠዋት 7 ሰዓት ነው። ጀበና፣ የቅዳሜው ክላስ ስንት ሰዓት ነው? ትዕግሥትዬ፣ ሞንጎመሪስ የጠዋት ክላስ አለው?

ጀበና፦
4 ሰዓት።

ኡበር በሌሊት፦
በሐበሻ ነው በፈረንጅ?