በሰላይ መሳቅ በድሬዳዋ ይቻላል?

አወያይ፦ የከተማችን ወጣቶች በስለላ ፊልሞች ላይ የሚያሾፍ ኮሜዲ ሊቀርጹ ነው። ሰላዩ በድሬዳዋ ሙቀት ጥቁር ካፖርት ደርቦ ከዚራ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ይቆማል፤ ማንነቱን ጫት ሻጯ ሳትቀር ታውቃለች። በሌላ ትዕይንት ደግሞ አንድ ጎረቤት የሰፈሩን ሰዎች ስም ጽፎ ይሰጠዋል። ከተማው ይደግፋቸው?

የሳቢያን ነዋሪ፦ እኔ አልደግፍም። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ «ሰርጎ ገብ» መባል ሰው ያስበላ ነበር። ወዲያው ቀይ ሽብር መጣ። ጆሮ ጠቢ አለ እየተባለ አባት በልጁ ፊት እንኳ ቃሉን ይመጥን ነበር። ልጆቼ፣ በዚህ ሳቁ የምትሉን ማንን ነው?

የመጋላ ወጣት፦ ጋሼ፣ የሚሾፈው በተጎዳው ሳይሆን በሰላዩ ትዕቢት ነው። ኮሜዲያኑ ሮዋን አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የሰላይ ኮሜዲ «ጆኒ ኢንግሊሽ» የሚያስቀን ስለሚወድቅ ብቻ አይደለም፤ ወድቆም ኮቱን አስተካክሎ እንደ ጀግና ስለሚራመድ ነው። የሚያስፈራንን ሰው እንዲህ አይተነው ካላወቅን ፍርሃቱ ለልጆቻችንም ይተርፋል።

የሐረር ጀጎል ነዋሪ፦ ለዚህ ታሪክ ምንጩ እዚሁ አለ። እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው የዓረብ ነጋዴ መስሎ ተነሥቶ ነው። መንገድ ላይ ግን መልኩ ነጣ ስላለ ቱርክ ነው ብለው ጠረጠሩት። ቱርክ መባሉ ይብስበት ነበርና ከበሩ ሳይደርስ እንግሊዛዊነቱን ገለጠ። በዚህ ሐረሬም ድሬዳዋም አብሮ ይስቃል።

የለገሃሬ ነዋሪ፦ ቀረጻው ጣቢያውን እንዳይጎዳ ብቻ ይጠበቅ፤ ቅርስ ነው።

የሳቢያን ነዋሪ፦ በበርተን እኔም እስቃለሁ፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። የስም ዝርዝር የሚሰጠው ግን ጎረቤት ነው። እሱን ትዕይንት አውጡት።

የመጋላ ወጣት፦ እሱ ከወጣማ ፊልሙ ባዶ ካፖርት ነው የሚሆነው ጋሼ። በዚያ ትዕይንት ማንም አይስቅም። ጎረቤትየው ጽፎ ሲጨርስ የራሱን ልጅ ስም ከዝርዝሩ ላይ ያነበዋል፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ ጽፎታል።

የሳቢያን ነዋሪ፦ ይህን አልነገራችሁንም ነበር። እንዲያም ሆኖ እናቶች ባሉበት አዳራሽ ሳይታሰብበት እንዲታይ አልፈልግም። ጽሑፉን አምጡልኝና ላንብበው።

የመጋላ ወጣት፦ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤትዎ ይዘነው እንመጣለን።