ለደጋም ለቆላም አንድ ጠመንጃ ይበቃል? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም፣ አደን የምታውቁ። የምሠራው ፒያሳ አካባቢ የአደን አስጎብኚ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ሥራዬ ወረቀት እንጂ ጠመንጃ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ደንበኛ ሁለት ጠመንጃ አለው፣ ባለ 300 ዊንቸስተር ማግነምና ባለ 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ (ስማቸው የሚተኩሱት የጥይት ዓይነት ነው)። ይዞ የሚገባው አንዱን ነው፤ የቱን እንደሆነ እስከ ዓርብ ማስመዝገብ አለብኝ።

መጀመሪያ ከ3000 ሜትር በላይ ደጋ አጋዘን ያድናል፣ ከገደል ማዶ እስከ 250 ሜትር። ከዚያ ቆላ ወርዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ከርከሮ፣ 50 ሜትር በማይሞላ ርቀት። 375ቱ ከባድ ነው፣ ግን ጥይቱ በሩቅ ቶሎ ይወርዳል አሉኝ። ወንዱ የደጋ አጋዘን ደግሞ እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል፤ ባለ 300ው ጠመንጃ ያንስበት ይሆን?

የባሰው ጠመንጃው ላይ የሚገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር ነው፤ ከ6 እስከ 24 ጊዜ ያጎላል። ተመሳሳዩ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ስለነበረ አውጥቼ በመስኮት ታክሲ ተራውን አየሁበት። በ6 እንኳ የአንድ ረዳት ደረት ብቻ ሞላው፣ ያውም ደብዝዞ! ሲንቀሳቀስ ጠፋኝ። ታዲያ የሚሮጥ ከርከሮ እንዴት ይያዛል? ከ3 እስከ 9 ያለውን ያምጣ ልበለው?

አንድ ነገር ደግሞ፦ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ ያስተካከለው ባሕር ዳርቻ አገሩ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ ያን ያህል አይወርድም ይባላል። እዚህ እንደደረሰ እንደገና ዒላማ ላይ ይሞክር?